የወጥ ቤቱ ወንበር በረዶ ላይ ወጣ

የቺትስከን ነገር ሆላንድ አገር፣ ፍሪስላንድ ውስጥ ያልሰማ ገበሬ የለም፤ ካለም ላም የሌለው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የወተት ቦቴ እየነዳች በየበረቱ ደጃፍ ስትቆም ያላስቀየመችው ውሻ፣ ያላሳቀችው ሰው የለም። በአርባ አራት ዓመቷ፣ ባል ሳይኖራት፣ «ከኮሎምቢያ ልጅ አምጥቼ ላሳድግ ነው» ስትል ግን ገበሬው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ያውም ከተወለደች ጀምሮ እግሯ አልታዘዝ ያላትን የሰባት ዓመት ልጅ!

«ጤነኛ ጠፍቶ ነው?» አላት አንዱ ደፋር።

«አንተንስ ሚስትህ ጤነኛ ብላ ነው ያገባችህ?» ብላው የወተት ቱቦዋን ጠቅልላ ሄደች።

ቺትስከ ለካ አራት ዓመት ወረፋ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ልጅቱ፣ ዩራኒ፣ በኅዳር መጣች፤ ሁለት ጉንጉን፣ ትልልቅ ዐይን፣ እየገፋች የምትራመድበት ባለ ጎማ የብረት መደገፊያ። መጣችና ጨዋ ሆና ቁጭ አለች! እንዲያው ምን ዓይነት ጨዋነት ነው? ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች፤ ከአዲሱ ቋንቋ አስቀድማ የያዘችው ቃል «እሺ» ነው። ማታ ማታ ልብሷን አጣጥፋ ይዛው በመጣችው ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። የገዙላት ቁም ሳጥን ባዶውን ቀረ። 

«እንግዳ ናት እኮ፣ አባባ» አለች ቺትስከ ለአባቷ ለዎፕከ። «እዚህ አድራ የምትሄድ ነው የሚመስላት። ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብታስቸግረኝ!»

«አንቺ በሰባት ዓመትሽ ያስቸገርሽኝ ለሁለታችሁም ይበቃል» አላት ሽማግሌው።

ጥር ላይ ብርዱ ጠና፣ በመንደሩ የሚያልፈው የውሃ ቦይም ረግቶ ድንጋይ ሆነ። ያኔ አገሩ አበደ! ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ቄሱ ሳይቀሩ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማቸውን ስለት ሞረዱ። ዎፕከ በሩን በርግዶ ገባና የወጥ ቤቱን ወንበር ብድግ አደረገው።

«አባባ፣ አብደሃል? እግሯን ልትሰብርልኝ ነው!»

«ዞር በይ! እዚህ አገር ወንበር ሳይገፋ በረዶ ላይ መቆም የተማረ ማን አለ? አንቺስ የእናትሽን ወንበር አይደል እንክትክቱን ያወጣሽው?»

ቦዩ ላይ ሲደርሱ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ የየእናቱን ወንበር ይዞ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ያለቅሳል። ለዩራኒ ባለ ሁለት ስለቱን የሕፃናት መንሸራተቻ አሰሩላት። ወንበሩን ያዘች። ታዲያ መሬት ላይ ጣጣዋ እግር ማንሳቱ ነበር፤ በረዶ ላይ ደግሞ እግር የሚያነሳ የለም! ይዞ መግፋቱማ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የኖረችበት ነው፤ ክንዷ እንደሆነ ብረት። አንዴ ገፋች፣ ሁለቴ ገፋች፣ ከዚያ እልም! የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ አለፈችው፣ መንትዮቹን አለፈቻቸው፣ ትኩስ ቸኮላት የሚሸጥበትን ድንኳን አልፋ ነጎደች።

«ያዟት! ኧረ ያዟት!» እያለች ቺትስከ ከኋላ ስትበር በቂጧ ዘጭ አለች። ዩራኒ ዞር ብላ አየቻት። ወንበሩ ላይ ተደፍታ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ተንከተከተች። ቺትስከም በወደቀችበት አብራት ሳቀች፤ ልነሳ ብላ እንደገና ወደቀች።

እንዲህ ሲሉ ውለው አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። በዚያ አገር የጥር ቀን አጭር ነውና ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ የልጅቱ ከንፈር በብርድ ጠቁሯል።

«በይ ዩራኒ፣ ወደ ቤት።»

«እንቢ።»

ቺትስከ ጆሮዋን አላመነችም። «ምን አልሽ?»

«እንቢ! እንቢ! አልሄድም!» ልጅቱ ወንበሩ ላይ ተጠመጠመች። «ነገም እመጣለሁ! ከነገ ወዲያም! መጥፎ ነሽ!»

ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። «ኧረ ይቺ ስድ!» አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት።

የቺትስከ እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ ጥርሷ ግን አልገጥም አለ። «ሰማህ፣ አባባ? ነገም አለች! ከነገ ወዲያም አለች!»

«ደንቆሮ መሰልኩሽ? አገር ሰማ እኮ! ይልቅ ያዣት፣ በብርድ ማለቋ ነው።»

ልጅቱን በአንድ ብብቷ፣ ወንበሩን በሌላው ሸጉጣ መንደሩን አቋርጣ ሄደች። ዩራኒ ጀርባዋን በቡጢ እየደቃች ትጮኻለች። ሰው በየመስኮቱ ብቅ አለ።

«ማናት የምትጮኸው?»

«የኔ ናት!» አለች ቺትስከ፣ ለያንዳንዱ መስኮት በየተራ። «የኔ ልጅ ናት!»