አባቴን ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎች

አባቴ አክስቴ ያለ ጨው የሠራችውን ሽሮ ቀምሶ ሰሃኑን ገፋና «ከቤቴ ውጪልኝ!» አላት። ጨው የከለከለው ሐኪም ነው፤ ግን ስድቡ ሁልጊዜ የሚደርሰው እሷ ላይ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ይህች ታናሽ እህቱ ናት።

በማግስቱ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ አልቀመሰም፤ ሲጠሩትም አይመልስም። ቤታችን በኩርፊያ የታወቀ ስለሆነ አክስቴ ማኩረፉን አልተጠራጠረችም፤ ሽማግሌ ላከች። «ካልታረቀኝ ደሴ እገባለሁ፤ በተቀየመ ሰው ቤት አልኖርም» አለችኝ።

አራት ኪሎ ባዮሎጂ አስተምሬ ስመለስ ሽማግሌዎቹ አልጋውን ከበው፣ አክስቴ ተንበርክካ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይቅር በለኝ!»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ለእኛ ሲሉ!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

አባቴ ዓይኑን ገለጠና መልሶ ጨፈነ። አንደኛው «ልባቸው ደንድኗል» ብለው አዘኑ። እኔ እጁን ስይዝ ያቃጥላል። ማን እንደሆንኩ ስጠይቀው በእናቴ ስም ጠራኝ።

«ሽምግልናው ይቆይና ታክሲ ጥሩልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

ክሊኒኩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አገኘበት። መድኃኒቱ በክንዱ እየገባ ሳለ አክስቴ ኮሪደር ላይ ታለቅሳለች፤ «አንገብግቤ ያሳመምኩት እኔ ነኝ» እያለች።

«አይደለሽም» አልኳት። «አንጎል ውስጥ ነርቮቹን የሚንከባከቡ ሌሎች ህዋሶች አሉ። ላያቸው ላይ መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሏቸው። ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ ወሬው እዚያ ይደርሳል፤ ተቀባዩ ሲነካ ህዋሱ ይነሣና ብግነት የሚያስነሡ ነገሮች ይረጫል። ያኔ ሰው ይፈዛል፣ ምግብ ይጠላል፣ ይዘባርቃል። ‹በቃ፣ ተረጋጋ› የሚል መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮችም አሉ፤ በእርጅና ግን ያ መልእክት ይደክማል።»

ዓይኗን ጠርጋ «ታዲያ አልተቀየመኝም?» አለች።

ይህን የሚነግረኝ ህዋስ የለም። «ሲነቃ ራሱን ጠይቂው» አልኳት።

አባቴ ድኖ ቤት ሲገባ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እርቁ አላለቀም ባዮች ናቸው። አባቴ ደንግጦ አየን።

«ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

ከታመመ ወዲህ የሆነውን አንድም ነገር አያስታውስም። የአክስቴን መንበርከክ፣ ደሴ ለመግባት መወሰኗን አንድ በአንድ ነገሩት። አክስቴን ትክ ብሎ አያት፤ አሁን የሚያያት ራሱ እንጂ ትኩሳቱ አልነበረም።

ከዚያ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ።

«ውጪ ያልኩሽ እኔ፣ የተንበረከክሽው አንቺ?» አለና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ።

ሳይደርስ ደግፋ ያዘችው። «ተው ጋሼ፣ ትወድቃለህ!» እያለች ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ።