ቡሬ ያንጠባጠበው ዘይት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ እመቤት ልትጠይቀኝ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ስለነበር ነጭ በነጭ ለብሳለች። የግቢውን በር አልፋ ገባ ከማለቷ በማኪናዬ ሥር ከተጠራቀመው ጥቁር ኩሬ ውስጥ አንድ እግሯን ዘፍ አደረገችው። ጫማዋም ነጭ ነበር።

«አጎቴ፣ ይቺ ማኪና ወይ ትታከም ወይ ትሸጥ!» አለች፣ እንደ ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማ።

እውነቷን ነው። ማኪናዬ አርጅታለች፣ ዘይት ታንጠባጥባለች። እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ። ከአሞሌ ጨው እስከ ጃንጥላ፣ ከበርበሬ እስከ ሠርግ ወንበር ያልሸጥኩት የለም፤ የማያዋጣ ዕቃ ሳይ ለመወሰን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አልጠብቅም። በዚህች ነገር ላይ ግን ክረምቱን ሙሉ ስወላውል ከረምኩ። መካኒኩ በመጣ ቁጥር «ቆይ ላስብበት» እያልኩ እሸኘዋለሁ። እመቤት የማታውቀው ነገር፣ ይህ ግራ መጋባት የጀመረኝ እሷ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች መሆኑን ነው።

ያኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ቤታችን ጎንደር፣ ቁስቋም ነበር። አባቴ ከኮላ ድባ ጤፍና ሽምብራ እያመጣ ጎንደር ገበያ ይሸጣል። የሚያመጣበት ማኪና ከፊት ሰው፣ ከኋላ እህል የሚጭን፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ነገር ነበር። ቀለሙ ነጭ ሆኖ፣ የተበየደበት ሁሉ ቀይ ተቀብቶ ዝንጉርጉር ስለወጣው አባቴ እንደ በሬ ስም አወጣለትና «ቡሬ» አለው። ሌላው ማኪና ሁሉ በሴት ነው የሚጠራው፤ የኛው ብቻ ወንድ ሆኖ ኖረ።

ቡሬ ከሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። አንደኛው ከላይ፣ ከሞተሩ ክዳን ዙሪያ እየወጣ የጋለው ብረት ላይ ይወርድና ይጨሳል። ሁለተኛው ከታች፣ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር ከሚጋጠምበት፣ መሬት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የታችኛውን ጠብታ እናቴ ዝም ብላ አታየውም። ማታ ማታ አሮጌ የብረት ትሪ ከሥሩ ታኖርና ጠዋት የተጠራቀመውን ጀሪካን ውስጥ ትገለብጣለች። እንጨት በዚያ ዘይት ከተቀባ ምስጥ አይደፍረውም። የሰፈሩ አጥር ግማሹ በቡሬ ዘይት የቆመ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በተለይ ጎረቤታችን አያ ቢሻው፣ የድሮ የበሬ ነጋዴ፣ አዲስ ቤት እያሠሩ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ቆርቆሯቸውን ይዘው ከደጃችን አይጠፉም።

በኅዳር መጨረሻ አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር ከዛሪማ መልእክት አደረሰን። እህቴ ትርንጎ በቀደመው ዓመት እዚያ ተድራ ነበር። ወሯ እየገባ ስለሆነ ቶሎ እንድንወስዳት ነው የላከችብን። በኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናቴ ለገንፎው የሚሆን ገብስ ካስፈጨች ሰንብታለች።

ችግሩ ሊማሊሞ ነበር። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ያን ገደል የማያውቅ ሰው፣ መንገድ በግድግዳ ላይ ሲወጣ ያስብ። ያኔ ደግሞ ጠጠር ነው። መውረዱስ ይሁን፤ እርጉዝ ሴት ይዞ መውጣቱ ነው። ቡሬ ሞተሩ ዘይት አንሶት መሃል ዳገት ላይ ነክሶ ቀጥ ቢል፣ እህቴ ከዝንጀሮ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ልትወልድ ነው።

«በአውቶቡስ ትምጣ» አለች እናቴ።

«ከዶሮና ከጆንያ ጋር ተጣብቃ? ማኪና እያለኝ?» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «የምትነዳው አንተ ነህ። እናሠራው ወይስ እንዲሁ ትሄዳለህ?»

በሕይወቴ አባቴ ሐሳቤን ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሰው ልጠይቅ ሮጥኩ። መጀመሪያ አዘዞ ወዳለው ወደ አያ ክንዴ ጋራዥ ሄድኩ፤ ሽበታቸው ራሱ ዘይት ዘይት የሚሸት የድሮ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው አዩና፣ ቶሎ ዘጉት። «እንዳትነካው» አሉ። «ያ ቆሻሻ ነው ሞተሩን አቅፎ የያዘው።» ቀጥዬ ከሙያ ትምህርት ቤት አዲስ የወጣው ደሴ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ደግሞ «ሳትፈታው ከከተማ እንዳትወጣ» አለኝ። የላይኛውን ለመዝጋት ግማሽ ቀን ይበቃል። ለታችኛው ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ ያ ሁሉ እስኪሆን ልጁ ተወልዶ ክርስትና ይነሣል። ከሁለቱ ጋራዥ ስወጣ ከመግባቴ በፊት የማውቀውን እንኳ ረሳሁት።

አባቴ ይህን ሲሰማ የጎንደር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ሽማግሌ አስቀመጠ።

በድንበር ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በትዳር ይቀመጣል። በሞተር ዘይት ሲቀመጥ ግን ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። መሪጌታ ከደብሩ መጡ፣ አያ ቢሻው ከአጥር ማዶ መጡ። ግቢያችን ካለው ወይራ ሥር ግንድ ላይ ተቀመጡ። ቡሬ ከፊታቸው እንደ ተከሳሽ ቆመ። ሁለቱ መካኒኮች በግራና በቀኝ ሆኑ።

መሪጌታ መረቁና «ተናገሩ» አሉ።

«ያረጀ ሞተር እንዳረጀ ትዳር ነው» አሉ አያ ክንዴ። «አይገለጥም። አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይከፈታል።»

«አያ ክንዴ፣ ትዳር እኮ ፒስተን የለውም!» አለ ደሴ።

«አግባና ንገረኝ።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው ሳቁን አስቆሙት። ነገሩን ግራና ቀኝ ሰምተው ወደ አያ ቢሻው ዘወር አሉ። አያ ቢሻው ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ፣ «እንግዲህ አንዱን አሸንፎ አንዱን አሳፍሮ መላክ የሽማግሌ ወግ አይደለም» አሉ። «ከላይ ያለው ይዘጋ፤ ልጃችን ደሴ ደስ ይበለው። ከታች ያለው ይተው፤ አያ ክንዴ ይክበር። መሬት ላይ ጠብ ቢል ማንን ይጎዳል?»

ከሽማግሌ ቃል አይወጣምና ሁለቱ መካኒኮች ተጨባበጡ። ሁለቱም ፊታቸው ላይ «ይህ እብደት ነው» የሚል ተጽፎ ይታየኝ ነበር። አባቴ ግን «ሸጋ ፍርድ!» አለ። እኔም ሸጋ መስሎኝ ነበር መሰለኝ። ሳይመሽ የላይኛው ተዘጋ።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ተነሣን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሜዳው ገና በአመዳይ ነጭ ነበር። ወገራ ገብስ የሚወቃበት ሰሞን ስለሆነ ገለባው እስከ መንገዱ ይበናል፤ ሽታው ማኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። ዳባት ላይ ትኩስ የገብስ ዳቦ ገዝተን በአዋዜ በላን። ኮረፌ የሚሉት የገብስ መጠጥም ቀርቦልን ነበር፤ እናቴ በዓይኗ ብቻ ከለከለችኝ። በቆምን ቁጥር እየወረድኩ ሥሩን አያለሁ። ደባርቅ ላይ የያዝኩትን መጠባበቂያ ዘይት በሙሉ ጨመርኩ፤ ዛሪማ እገዛለሁ ብዬ ነው። ከኋላ የእናቴ ጀሪካን ይንቦጫቦጫል። የትርንጎ አማት አያ መልኬ ለልጃቸው አዲስ ቤት እየሠሩለት ስለሆነ፣ ለምሰሶው ስጦታ ብላ የቡሬን ጥርቅም ዘይት ጭናላቸዋለች። ዛሪማ ቆላ ነው፤ ምስጡ የሰው ቁመት የሚያህል ኩይሳ ይሠራል።

ሊማሊሞን በሁለተኛ ማርሽና በእናቴ ጸሎት ወረድን። ሙቀቱ የድስት ክዳን የተከፈተ ያህል ፊታችንን መታን። ትርንጎ ሆዷን አስቀድማ ከበር ወጣች፣ እናቴና እሷ አንገት ለአንገት ተያይዘው አለቀሱ። አያ መልኬ ጀሪካኑን ሲቀበሉ ጠጅ የተሰጣቸው ነው የሚመስሉት።

እናቴ እንደ ልማዷ ማታ ከቤት ይዛው የመጣችውን ትሪ ከቡሬ ሥር አኖረች። ጠዋት ስንነሣ ትሪው እንደታጠበ ሰሃን ያበራል። አንዲት ጠብታ የለችም።

«እልልል! ተሻለው!» አለች እናቴ። «መሪጌታ እኮ ዝም ብለው አይመርቁም!» ትርንጎም አብራ እልል አለች፣ ጎረቤት ሁሉ የወለደች መስሎት ወጣ።

እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም። ለወጉ ያህል ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ። ጠረግሁ፣ ከተትኩ፣ ደግሜ መዘዝኩ። ደረቅ ነው። ቡሬ ያላፈሰሰው ድኖ ሳይሆን የሚያፈሰው አልቆበት ነው። ከደባርቅ እዚያ ድረስ በምን ጸጋ እንደወረድን አላውቅም።

ወደ ገበያ ሮጥኩ። የዘይት ሻጩ ሱቅ ተቆልፏል፤ ለልቅሶ አዲ አርቃይ ሄዷል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ትርንጎ ደግሞ ወገቧን ይዛ በረንዳው ላይ ትመላለሳለች። የአካሄዷ ነገር አላማረኝም። ተመልሼ ስመጣ አያ መልኬ በአሮጌ ጨርቅ አዲሱን ምሰሶ ዘይት ይቀባሉ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው እያለፉ ነው። የአያ ቢሻው አዲስ ቤትና «ከታች ያለው ይተው» የሚለው ፍርዳቸው አንድ ላይ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው፤ ለካ የፈረዱት ለቤታቸው ኖሯል። ነጋዴ የሆንኩት ያን ዕለት ጠዋት ይመስለኛል።

«እማዬ፣ ያን ዘይት እንመልሰው» አልኳት በጆሮዋ።

«የሰጠሁትን ከአማች እጅ? ልጄን በዚህ ቤት አንገቷን ላስደፋ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«መንገድ ላይ ብትወልድስ?»

እናቴ አንዴ ትርንጎን፣ አንዴ ጀሪካኑን ታያለች። ከነውርና ከሞት የቱ እንደሚቀል በዚያ ሰዓት ብትጠየቅ መልሷን እንጃ።

አያ መልኬ ግን ከምሰሶው ሥር ሆነው ሲያዩን ቆይተዋል። ጨርቃቸውን ጣሉ። «ምነው? ከብቱ ተጠማ እንዴ?» አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጀሪካኑን አንሥተው መጥተው እግሬ ሥር አኖሩት። «ምሰሶውን ምስጥ ቢበላው ሌላ እተክላለሁ። ይልቅ የልጅ ልጄን በሰላም አድርሱልኝ።» ከዚያ የቡሬን ኮፈን መታ መታ አደረጉና፣ «በሬ አይደል? የራሱን ያመንዥግ!»

ዘይቱ ከአቧራና ከሣር ጋር ነው። ማጥለያ ተፈለገ። እናቴ ለክብሯ የለበሰችውን ጥበብ ነጠላ አውልቃ አጠፈችና በሞተሩ አፍ ላይ ያዘችልኝ። እኔ አፈስሳለሁ፣ ነጠላው ከመሃሉ እየጠቆረ ወደ ዳር ይሄዳል። እናቴ ግን የምታየው ነጠላውን ሳይሆን ትርንጎን ነበር።

የመልሱን ዳገት በደንብ አላስታውሰውም። የዘይት መብራቱ አንዴ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። እናቴ ቁስቋም ማርያምን ትጠራለች። ትርንጎ በየመታጠፊያው «አይዞህ ቡሬ፣ አይዞህ ወንድሜ» ትላለች፤ እኔን ግን ማንም አይዞህ አላለኝም። ደባርቅ ደርሰን ዘይት ገዛሁ። ጎንደር ገባን። ትርንጎ ጥቂት ቀናት ቆይታ በእናቷ ቤት ሴት ልጅ ተገላገለች። እመቤት ተባለች።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ ነው ይበልጥ የተምታታው። አያ ክንዴ «ይኸው! ከላይ ስትዘጉት ወደ ታች ገፋው» አሉ። ደሴ «ሁለቱንም ብትዘጉ ኖሮ» አለ። መሪጌታ «ልጅቱ በሰላም ገባች አይደል?» አሉ፤ በእሳቸው ቤት የሽማግሌዎቹ ፍርድ ሠምሯል። አያ ቢሻው ቅዳሜ ቆርቆሯቸውን ይዘው መጥተው፣ «ከትሪው የተረፈ የለም?» ብቻ አሉ። አባቴ ማን ልክ እንደነበር ጠየቀኝ። ባያፈስ ኖሮ ዘይቱ አያልቅብንም። ባያፈስ ኖሮ ደግሞ ያ ጀሪካን አይሞላም፣ ዛሪማ ላይ የምንጨምረው አይኖረንም። ግን ባያፈስ መጨመር ለምን ያስፈልጋል? እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ይህን ሁሉ ለእመቤት ስነግራት ጫማዋን በሳሙና እያሸች ነበር። ስልኳን አውጥታ ዛሪማ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማዬ፣ አጎቴ ማኪናውን ያሠራ ወይስ ይተው?»

ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቋ አላረጀም። «እኔ ስለ ማኪና ምን አውቄ» አለች። «እኔ የማስታውሰው የእማዬን ነጠላ ነው። ያን ጥቁር ነጠላ ለብሳ በጠራራ ፀሐይ ጎንደር ገባች እኮ። አራዳ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት እሷ እንደ ንግሥት ነበር ቀና ያለችው።»



እመቤት ከሄደች በኋላ አዲሱ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ሰውየው የአጥር እንጨት አስጭኖ አምጥቶ ደጁ ላይ ከምሯል። «ጋሼ፣ ልታሠራት ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?» አለኝ። ፊቱ ላይ የአያ ቢሻውን ፊት አየሁ።

ለመካኒኩ ደወልኩና ማክሰኞ ና አልኩት። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ የእናቴን ትሪ ፈልጌ አወጣሁ። አቧራውን ጠርጌ ከማኪናዬ ሥር አኖርኩት። እስከ ማክሰኞ ብዙ ነገር ይጠራቀማል።