የሳሙናው ቁልቁለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማርታ ልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ውስጥ ዱቄት ሳሙናውን ሳትለካ ከነፌስታሉ ገለበጠችውና፣ ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆይቶ አረፋውን በሥሩ ተፋው፤ አረፋውም በረንዳውን አልፎ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እንደ ጨዋ እንግዳ አንድ በአንድ ወርዶ፣ ከታች ጫማውን አስጠርጎ ከሚመጣ አንድ ጎረምሳ እግር ሥር ገባ። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሊበር የተነሣ ይመስል፣ ሳይወድቅ ከአንዱ መኪና እስከ ሌላው ድረስ እንደቆመ ሄደ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

“ኧረ እማማ፣ ያሳፍራል! ሰው ሊሰበር ነበር እኮ!” አለችኝ ማርታ።

“አልወደቀም፤ እግሩ ጎበዝ ነው” አልኳት።

በልጁ ላይ አልነበረም የሳቅሁት። የሳሙና ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ሲገናኝ እኔን ይዞኝ የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ወደኋላ ነው። ማርታ ግን መንሸራተት የምር ምን እንደሚመስል ልታሳየኝ ብላ በስልኳ፣ ሁለት ጠባብ ጣውላ እግራቸው ላይ አስረው ከነጭ ተራራ ላይ ቁልቁል የሚምዘገዘጉ የውጭ አገር ሰዎች አሳየችኝ። አየሁና “ላይኛው ቤት ማነው የሚያጥብላቸው?” ብዬ ጠየቅኋት። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ምን ታድርግ፤ እኔ በማውቀው፣ ቁልቁለት ነጭ የሚሆነው ላይ ላይ የሚያጥብ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ሲወረድ፣ አሁን ጋራዥና መጋዘን የሞላበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ጉብታ ነበረች። ኮረብታ ብላት ራሷ ታፍራለች፤ ግን ከላይዋ ላይ ሆኖ ለሚያይ የስምንት ዓመት ልጅ በቂ ነበረች። አናቷ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ውኃ የሚቀዳበት ቦኖ አለ፣ ግርጌዋ ላይ ደግሞ የእድራችን ዳኛ የጋሽ ደምሴ አጥር። ቦኖው አጠገብ እትዬ ወርቄ የሚባሉ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ሳፋ ዘርግተው የፋብሪካ ሠራተኞችን ልብስ ያጥቡ ነበር፤ እጣቢውንም ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው የሚደፉት። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሳሙና ሲጠጣ ከረመና እንደ መስተዋት አብለጨለጨ።

ቁልቁለቱን የመሠረተችው አህያ ናት። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አለ፣ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ጭድ ተጭና በዚያ ስታልፍ የፊት እግሮቿ ቀድመዋት ሄዱ፤ እሷም ትንሽ አሰበችና ቁጭ አለች፤ እንደተቀመጠችም፣ ጭዷ ሳይነቃነቅ፣ ጆሮዎቿን አቁማ እስከ ጋሽ ደምሴ አጥር ድረስ ወረደች። እዚያ ደርሳ ተነሣችና ያያት ሰው መኖር አለመኖሩን ግራ ቀኝ ቃኘች፤ ከዚያ መጀመሪያውንም የመጣሁት ለዚህ ነው በሚል ሁኔታ ሣር መጋጥ ጀመረች። እኛ ልጆች ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ተሰለፍን።

መጀመሪያ በቂጣችን ነበር የምንወርደው፤ ቀሚሳችን ሲቀደድ እናቶቻችን እዚያው ቦታ ላይ በጥፊ ያሞቁን ነበርና በኋላ ጆንያ ማንጠፍ ጀመርን። የሰፈራችን ባለሱቅ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ዘይነባ፣ የሥጋ እህቴ ብትሆን ከዚያ በላይ የማልወዳት ጓደኛዬ፣ ከሱቁ ካርቶን ታመጣልን ነበር፤ ካርቶን ጥሩ ነው፣ ግን እኩሌታው ላይ ይረጥብና ይቀልጣል፤ የቀረውን መንገድ በራስህ ቆዳ ትጨርሰዋለህ። ኋላ ላይ የዘይት ቆርቆሮ በድንጋይ ቀጥቅጠን ዘረጋን። ቆርቆሮ የሚያህል ፈጣን አልነበረም፤ ጥፋቱ፣ የሚወስድህ አንተ ወደፈለግህበት ሳይሆን እሱ ወደፈለገበት መሆኑ ነው። እኔን ሁለት ጊዜ የጎረቤት ጎመን ውስጥ አግብቶኛል።

ታዲያ እንዲያው በነጻ አልነበረም። እትዬ ወርቄ ግራ ጉልበታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ስለነበር በእጃቸው የሚታጠበውን እንጂ በእግር የሚረገጠውን አይችሉም፤ የሌሊት ዘበኞች ብርድ ልብስ ደግሞ፣ ውኃ ሲጠጣ ጥጃ የሚያህለው፣ ካልተረገጠ አይነጻም። ስለዚህ ሕግ አወጡ፦ አንድ ብርድ ልብስ የረገጠ ሦስት ጊዜ ይወርዳል። መጀመሪያ እግራችንን ያስታጥቡናል፣ ጣቶቻችን መሐል ሳይቀር እያገላበጡ ያያሉ፤ ከዚያ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ገብተን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንረግጣለን፣ አረፋው እስከ ጉልበታችን ይደርሳል፣ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው “ማዕዘኑን! ማዕዘኑ እኮ ነው የዘበኛው ላብ ያለው!” እያሉ ይጮኹብናል። ሲበቃቸው እጣቢውን ቁልቁለቱ ላይ ይለቁትና “ሂዱ፣ ሦስት” ይላሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ሦስትን ከአራት የለየሁት ግን እዚያ ነው፣ እትዬ ወርቄ አራተኛውን ለማንም አሳልፈው አያውቁም።

እንዲህ ስንኖር የአቦ ዕለት የጋሽ ደምሴ ባለቤት፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸበል በጠርሙስ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አቋራጭ ብለው የትናንቱ እጥበት ባልደረቀበት በኩል አለፉ። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሌላ ጊዜ ከእያንዳንዱ ጎረቤት ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ የሚመሽባቸው ሴትዮ የዚያን ዕለት ማንንም ሰላም ሳይሉ ቤታቸው ገቡ። ጸበሉ ጠብ አላለም። ቀሚሱ ግን የሰፈሩን አፈር በሙሉ ይዞ ነው የገባው።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው ቦኖው ድረስ ወጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ከሥርዓት ሲወጣ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

“ወርቄ፣ እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ አስወስኜ ሁለት መኪና ገረጋንቲ አስደፋበታለሁ። በዚያ ሻካራ ድንጋይ ላይ የሚንሸራተት ቂጥ ካለ እናያለን!”

“ያስደፉ” አሉ እትዬ ወርቄ ቀና ሳይሉ። “እኔ ልብስ አጠብኩ እንጂ ሰው አልገፋሁ።”

እሳቸው እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ ደምሴ ሲሄዱ ተነሥተው ሳፋው ውስጥ ለመግባት ሲሞክሩ አየናቸው። ያንን ጉልበት በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት፣ የሳፋው አፍ ጋ አደረሱት፣ ከዚያ መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት። ለእኛ ለልጆቹ እንኳን ገባን፤ ቁልቁለቱ ከሌለ እግር የለም፣ እግር ከሌለ ብርድ ልብስ የለም፣ ብርድ ልብስ ከሌለ የእትዬ ወርቄ ድስት አይጣድም።

መላው የመጣልኝ ለእኔ ነው። ገጠር ያለው አጎቴ አማቱን አስቀይሞ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ሲንበረከክ አይቼ ነበር፤ አማትየውም “ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ” እስኪሉት ድረስ እንዳጎነበሰ ቆየ። ይህን ለዘይነባ ነገርኳት።

“ስንት ኪሎ ነው?” አለችኝ፤ የነጋዴ ልጅ አይደለች?

“እንደ ጥፋቱ ነዋ።”

አሰበችና “ቀሚሱ ነጭ ነበር” አለች። “ትልቅ ይሁን።”

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ደምሴ፣ ጋሽ ሸምሱና አንድ ሌላ ሽማግሌ የነገውን ስብሰባ ሊያሰናዱ አጥሩ ሥር ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እኛ ሰባት ልጆች ሰባት ድንጋይ ማጅራታችን ላይ ጫንን። እንደ ደንቡ በታች በኩል ዞሮ በደጅ መምጣት ነበረብን፤ ግን ድንጋዩ ከበደን፣ ዙሪያው ራቀን፣ በቁልቁለቱ ደግሞ ቅርብ ነው። ቅዳሜ መሆኑን፣ እትዬ ወርቄም ከጠዋት ጀምሮ ሲያጥቡ መዋላቸውን አንዳችንም አላሰብንም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቀና አይልም ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝና፣ ሁላችንም ዓይናችንን የእግር ጣቶቻችን ላይ ተክለን፣ እንደ ቀባሪ ተሰልፈን መውረድ ጀመርን።

ድንጋዮቹ ቀደሙን። አንዱ አጥሩን ሰብሮ ገባ፣ አንዱ ባዶ በርጩማ ገለበጠ፣ ሌሎቹ ሣሩ ውስጥ ተበተኑ፤ ትልቁ፣ የዘይነባ ድንጋይ፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ተንከባልሎ ጋሽ ደምሴ ጫማ አጠገብ እንደ ሠለጠነ ውሻ ቆመ። ከኋላው እኛ መጣን፤ ግማሻችን በጀርባ፣ ግማሻችን በሆድ። ዘይነባ በጭንቅላቷ በኩል ደረሰችና፣ የመጣችበት ጉዳይ ወዲያው ትዝ ብሏት ተንበርክካ፣ ምንም የሌለበትን ማጅራቷን በሁለት እጇ ይዛ “ጋሽ ደምሴ፣ ይቅር ይበሉን!” አለች።

“ሊገድሉን ነው የመጡት!” አሉ ጋሽ ደምሴ።

“ኧረ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው” አሉ ጋሽ ሸምሱ። “አታይም? ድንጋይ ተሸክመው እኮ ነው።”

“የታለ የተሸከሙት? ድንጋዩ ብቻውን ነው የመጣው!”

“ቀደማቸው እንጂ ብቻውን አልመጣም።”

“ስማ ሸምሱ፣ ድንጋይ የሚወርደው ተበዳዩ አውርዱ ሲል ነው። እኔ አውርዱ ብያለሁ?”

“አላልክም፤ ግን ወርዷል። ታዲያ ምን ይሁን፣ መልሰው ይጫኑት?”

ጋሽ ደምሴ እግራቸው ሥር ያለውን ድንጋይ አዩ፣ የእኛን ፊት አዩ፤ ከጭቃው መሐል ዓይናችን ብቻ ነው የሚታየው። ሦስተኛው ሽማግሌ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የጋሽ ደምሴ ጢም ሁለት ጊዜ ተነቃነቀች፤ እንዳይስቁ ቶሎ ብለው ተቆጡ።

“አዎ፣ ይጫኑት! ተሸክመው ይውጡና በጠርዙ በኩል አንድ በአንድ ያንጥፏቸው፤ ባለቤቴ በደረጃ ትውረድ። እሑድና የአቦ ዕለት ግን የሚንሸራተት እንዳላይ!”

ተሸክመን ወጣን። እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ወጡና፣ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቦታውን እያሳዩ፣ እንደ ሥርዓቱ “ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ። ይቅር ብያለሁ፣ አውርጂ” እያሉ ሰባት ጊዜ አስወረዱን። እሑድ እድሩ ተሰበሰበ፤ ገረጋንቲ የሚባል ነገር ያነሣ አልነበረም። ሰኞ እትዬ ወርቄ ያንን ነጭ ቀሚስ አስመጥተው፣ የአፈሩ ቀለም እስኪጠፋ ድረስ በገዛ እጃቸው አሹት። እኛን ስለ ድንጋዩ ምንም አላሉንም፤ ብርድ ልብስ ረግጠን ስንወጣ ግን “ሂዱ፣ አራት” አሉ።

አምና ከዚያ በኩል ሳልፍ ቦታውን ፈለግሁት። ዶዘር ደልድሎታል፤ ላዩ ላይ መጋዘን ቆሟል፤ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል የማይታወቅ ሜዳ ነው። ጥበቃው ሲያየኝ “እማማ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?” አለኝ። ቁልቁለት ብል ወደ ሐኪም ይልከኛል ብዬ ፈራሁና “መንገድ ተሳስቼ ነው” አልኩት። አልዋሸሁትም። ሰባቱን ድንጋዮች ማን የት እንዳደረሳቸው አላውቅም። ሰባቱን ልጆችም ቢሆን ዘይነባንና እኔን ብቻ ነው የማውቀው።

ግን ቁልቁለቱን የወሰደው ዶዘሩ አይደለም። እሱ የመጣው ካለቀ በኋላ ነው። ቧንቧ በየግቢው ሲገባ እኛም እልል ብለናል፤ ማን ውኃ ይጠላል? ከዚያ ሰው ልብሱን ቤቱ ማጠብ ጀመረ፣ ብርድ ልብስ ይዞ ቦኖ የሚወጣ በሳምንት አንድ፣ ቀጥሎ በወር አንድ ሆነ። እትዬ ወርቄ አልተራቡም፤ ልጃቸው ፋብሪካ ገብታ ትጦራቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያንን ጉልበት እየጎተቱ ወጥተው፣ ሳፋቸውን ዘርግተው ይቀመጡ ነበር።

ቦኖው ሊዘጋ ነው የተባለ ቅዳሜ፣ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር፣ ከዘይነባ ጋር ልናያቸው ወጣን። ሳፋው ውስጥ ልብስ የለም። ውኃውን ግን ሞልተውታል፣ ሳሙናውን አሽተው አሽተው አረፋው በአፉ ይፈስሳል።

“እትዬ፣ ምን ሊያጥቡ ነው?” አልኳቸው።

“ምንም። ልጁን ለእኔ ስጪኝ።”

ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ ከልማዴ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ልታጠብ ጎንበስ ስል “የምን መታጠብ? ዝም ብላችሁ ውረዱ” አሉን፣ ሳፋውንም በእግራቸው ገፍተው ሙሉውን ለቀቁት። እኔና ዘይነባ፣ ሁለት ባለትዳር ሴቶች፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን ተቀመጥንና ተያይዘን ወረድን፤ ጮኽን፣ ሳቅን፣ ሰፈሩ በየአጥሩ ወጥቶ አየን። ታች ደርሼ ፊቴን ጠርጌ ወደ ላይ ስመለከት፣ እትዬ ወርቄ ልጄን ታቅፈው፣ ሳፋውን ገልብጠው ተቀምጠውበታል። ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው፣ ሳፋቸው ተደፍቶ አይቼ አላውቅም ነበር።