ያልተሰናበቱት

በዚያ ቀን ካዛንቺስ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የተሰበሰብነው የክፍሉ ኃላፊ፣ ፕሮግራሙን ከእኔ ጋር የጻፈችው ባልደረባዬ፣ የሰርቨሩ ቴክኒሻን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት እንግዶችና እኔ ነበርን። እንግዶቹ የመጡት ሊወስኑ ነው፦ ወይ እኛ የደከምንበት የኮምፒውተር ሥርዓት ይጸድቃል፣ ወይ የውጭ ሥርዓት ይገዛና ክፍላችን ይዘጋል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ዋናው ፕሮግራም ከቄራ እስከ ሰንጋ ተራ ያሉትን ሠላሳ ያህል ቅርንጫፎች በየተራ እያለፈ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ቅጂ ይፈጥራል፤ በሙያው ልጅ ይባላል። ልጁ የቅርንጫፉን መረጃ ያመጣና ይሰናበታል። ስንብቱ በአንዲት የፕሮግራሙ መስመር የታዘዘ ነው።

ኃላፊው በዋዜማው ያችን መስመር አልወደዳትም።

«ተላላኪዎቻችን መልእክት አድርሰው ሲመለሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ እንዴ? ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሌላ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ይህም እንደዚያው ይሁን።»

«ይህ ተቀምጦ አይጠብቅም» አልሁት። «ካልተሰናበተ ከቀጣዩ ቅርንጫፍ ጀምሮ የአባቱን ሥራ ይደግማል፤ እሱም ይወልዳል፣ ልጆቹም ይወልዳሉ።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ሁሉንም ሌክቸር ያደርጉታል!» ብሎ ሳቀ። መስመሯንም ቴክኒሻኑን አዝዞ አስወጣት።

በማግስቱ እንግዶቹ ፊት ፕሮግራሙ ተነሣ። አንዱ ቅጂ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆኑ ሄዱ። የሰርቨሩ ማራገቢያ ጮኸ፤ ስክሪኑ ደርቆ ቆየና ጨለመ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ አንዱ እንግዳ።

«ኧረ መብራቱስ አለ» አለ ሌላው፤ «የጠፋው ሥርዓቱ ነው።»

ኃላፊው ወደ እኔ አመለከተ። «የጻፉት ጋሼ ናቸው። ዕድሜም አለ እንግዲህ።»

ባልደረባዬ መታገሥ አልቻለችም። «መስመሯን ያስወጣው ማን ነው? ትናንት ጋሼ ነግረውህ አልነበር?»

ቴክኒሻኑ ጫማውን ያይ ነበር። እንግዶቹ ቦርሳቸውን አነሡ፤ እኔም በዋዜማው የተናገርሁትን ለመድገም አልፈለግሁም። አዋቂ ነኝ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ሁለተኛ ማስረዳት ልመና ይመስለኝ ነበር።

የውጭው ሥርዓት ተገዛ፤ ክፍሉም ተዘጋ። ባልደረባዬ ስለ ንግግሯ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በደረሳት ማግስት ለቃ ቡልጋሪያ ሰፈር ኮምፒውተር ጥገና ከፈተች። ቴክኒሻኑም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ኃላፊው የተገዛውን ሥርዓት እንዲመራ ተሾመ፤ እኔ ማኅደር ክፍል ተመደብሁ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላምታው አንገት መነቅነቅ ብቻ ነበር። ሥርዓቱን ከሠራነውና ካፈረሰው መካከል በሕንጻው የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን።