ፈታኟም አመልካች ነበሩ

ውድቅ ካደረግኳቸው ማመልከቻዎች መሃል ዛሬ የፈታኛችንን ስም አገኘሁ።

ቃሊቲ ያለ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ቅጥር ክፍል ነው የምሠራው። ጠዋት ለፈረቃ ኃላፊነት ያመለከቱትን በማሽን ላይ ፈትነን ነበር።

እኔ ማሽኑን ማስነሳት እንኳን አልችልም። እንደ ሁልጊዜው እትዬ ብርቄን አስጠራኋቸው፤ አዲስ የገባውን ሁሉ የሚያሠለጥኑት እሳቸው ናቸው። አዲስ ጋዋን ለብሰው መጡ። "ምነው ዛሬ፣ አምሮብዎታል!" ብዬ ቀለድኩና የነጥብ መስጫውን ወረቀት አቀበልኳቸው።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ስድስቱንም አመልካቾች ፈተኑ። "ይሄኛው ልጅ ጎበዝ ነው፤ እሱን ውሰዱት" አሉኝ።

ከሰዓት ፋይል ሳስተካክል ማመልከቻቸውን አየሁት። "ዲፕሎማ የለም" ብዬ የሰረዝኩት ራሴ ነኝ፤ ስሙን እንኳን ሳላነብ።

(እኔ ዲግሪ አለኝ። ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም።)

እየሮጥኩ ወጣሁ። የኮዬ ፈጬው ሰርቪስ ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ ደረስኩባቸው።

"እትዬ፣ ማመልከትዎን ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠዋት ስታስጠሪኝ ልፈተን መስሎኝ ነበር የመጣሁት፣ ልጄ" አሉኝ። "ወረቀቱን ስትሰጪኝ ገባኝ።"

ጉንጬን ስመውኝ ተሳፈሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ ሁሉን አሠልጥኖ ራሱ የቀረ ሰው አለ? ካለ እንዴት ቀና ብላችሁ እንደምታዩት ንገሩኝ። ነገ ጠዋት እሳቸው ፈረቃ ሲገቡ ፊት ለፊት እንገናኛለን።