ለድንጋዩ መስቀል ያለቀስነው

ትናንት ዝናቡ ካባራ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ የቆመውን ጥንታዊ የድንጋይ መስቀል ስሳለም የእርጥብ ሸክላ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ለይቼ ዳዊት የደገምሁ፣ ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄጄ ከሊቃውንት ፊት አፌን ሞልቼ የተናገርሁ ሰውዬ አንገቴን ደፋሁ።

በጣልያን ጊዜ ወደ አማኑኤል የሚያልፈውን መንገድ የሚሠሩት ሰዎች ጥርብ ድንጋይ ባዩበት እየነቀሉ ለድልድይ ይወስዱ ነበርና፣ አባቶቻችን ይህን መስቀል እንደ ሬሳ ገንዘው ሊቀብሩት ተማከሩ። ሠራተኞቹን የሚያዝዘው ባንዳ «ማን ሞተ?» ቢል የሚነገረው ስም ግን ጠፋ፤ በዘመዱ ላይ ሟርት የሚጠራ ከየት ይምጣ! በመጨረሻ መሪጌታው ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ወደምትኖረው ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ ናት እያልን ገንቦዋን እንጂ እጇን ወደማንነካው ወደ እትዬ ብርቄ ሄዱ።

«በቁሜ ሰው ያላላችሁኝ፣ ሞቼ ልታከብሩኝ?» ብላ ሳቀች አሉ። «እሺ፤ ግን ደኅና አድርጋችሁ አልቅሱ፤ እዚህ ተደብቄ እሰማለሁ።» መገነዣ እንዲሆንም የገዛ ጋቢዋን ሰጠች።

አለቀስን! አገሩ ደረቱን ደቃ፣ አልቃሿ እጀ ወርቋን ሸክላ ሠሪ እያሞገሰች ሙሾ አወረደች፤ ከልጆች ሁሉ ደግሞ እኔን በጩኸት የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ባንዳው ራሱ ባርኔጣውን አወለቀ። መስቀሉ ዳነ።

ክረምት ሲገባ እትዬ ብርቄ የእውነቷን ሞተች። ሁለት ጊዜ የሚሞት የለምና፣ ባንዳው ጠርጥሮ መቃብሩን እንዳያስቆፍር በመፍራት፣ ያለ ደወልና ያለ ለቅሶ፣ የሸክላ አፈር ታወጣበት በነበረው ጉድጓድ ከተቷት። እናቴን ለምን እንደማናለቅስ ብጠይቃት «አልቅሰንላት የለም እንዴ!» ብላ አፌን ያዘችኝ።

ጣልያን ሲወጣ መስቀሉን በእልልታ ቆፍረን አወጣነው፤ ጋቢዋ በስብሶ ከድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከእንግዲህ የምንፈራው ባንዳ ባይኖርም፣ አጽሟን ወደ ቤተ ክርስቲያን እናምጣ ያለ ግን አንድም ሰው አልተገኘ። ጉድጓዱ ዛሬ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል፤ ያን የመሰለ ገንቦ የሚሠራም ባገሩ የለም።

ትናንት ከመስቀሉ ፊት ቀና ብዬ፣ ፍትሐት እንዲያደርሱላት ቄሱን ለመንኋቸው።

«ደግ፤ የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

የሰባት ትውልድ ስም በቃሌ የምወርድ እኔ የእሷን አንዱን ስም አላውቀውምና እንደገና አንገቴን ደፋሁ።