ልጅቷ እንዳትተኛ

ቲኬቱን የቆረጥነው በሚያዝያ፣ ገና ሰላም ሳለ ነበር። ጓደኛዬና እኔ ሲያትል፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር እንኖር ነበር። አዲስ አበባም አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ የተማርንበት ትምህርት ቤትም አንድ ነው። ሲያትል ከመጣን በኋላ ሁለታችንም ሥራ ያገኘነው ኤርፖርቱ ያለበት ሲታክ ነው፤ እኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ እሷ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መኪና ታስወጣለች። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስለ ዓሣ ነባሪ ከተማረች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ትምህርት ሲዘጋ መርከብ ተሳፍረን እናሳይሻለን ብለን ቃል ገባንላት።

ግንቦት ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ።

የጓደኛዬ ወላጆች ከኤርትራ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እኔ ባደግሁበት ሰፈር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ነገር መሐላችን ተነሥቶ አያውቅም። አልተጣላንም፤ ክፉ ቃል ከሁለታችንም አልወጣም። ብቻ እሷ የኔን በር ማንኳኳት ተወች፣ እኔም የሷን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ ዝናቡ እናወራና እንለያያለን። ቤቴ ሬዲዮ ስከፍት ግድግዳው ስስ ነውና ድምፁን እቀንስ ነበር። እሷም ስትቀንስ ይሰማኝ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ ሁለታችንም እንቅር ማለት አልቻልንም፤ ልጅቷን እያየ ማን ይችላል? በጠዋት ወደብ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስመጣ ቀድመውኝ ቆመው ነበር። የጓደኛዬ ዓይን አብጧል። «እንደምን አደርሽ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ፊቷን አዞረች። ከኔ ጋር መሄዱ እንዲህ ካስጠላት ለምን መጣች ብዬ ተናደድኩ።

መርከቧ ትንሽ ናት፤ ታች መስኮት ያለው ክፍል፣ ላይ ደግሞ በብረት ደረጃ የሚወጣበት ሰገነት አላት። ልጅቷን መሐላችን አስቀምጠን ተቀመጥን። መጀመሪያ ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ደሴቶቹን አልፈን ወደ ሰፊው ባሕር ስንወጣ ግን ነፋሱ ተነሣ፤ መስኮቱ አንዴ ሰማይ ብቻ፣ አንዴ ውሃ ብቻ ያሳይ ጀመር። ጓደኛዬ የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ እንደምትፈራ አውቃለሁ። እጇን ልይዝ አሰብኩ፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ድንገት በድምፅ ማጉያው ኦርካ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎች በግራ በኩል ታይተዋል ተባለ። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ተነሣ። ልጅቷ ከመሐላችን ተፈትልካ ሮጠች። «ቆይ! ደረጃው ያንሸራትታል!» ብላ እናቷ ጮኸች። ሁለታችንም ተከተልናት። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ መርከቧ በአንድ ጎኗ ዘመመች፤ የልጅቷ እግር ከዳትና ግንባሯ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ታች ወለሉ ላይ አስተኛናት። ደሙ ቅንድቧን አልፎ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። አላለቀሰችም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ከመርከቧ ሠራተኞች አንዲት ሴት ሣጥን ይዛ መጣችና ቁስሉን በፋሻ ጫን ብላ ያዘችው። በባትሪ ዓይኗን አየች። በዚህ መሐል ልጅቷ አስታወከች።

«ማዕበሉ ነው ወይስ ጭንቅላቷ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አላውቅም። ካፒቴኑ ክሊኒክ ወዳለባት ደሴት እየነዳ ነው። እስክንደርስ እንዳትተኛ፤ አናግሯት፣ መልስ እንድትሰጣችሁ አድርጉ።»

«ሩቅ ነው?»

«ባሕሩ እንደሚለን ነው» አለች።

ጓደኛዬ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሟን ደጋግማ ትጠራለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣትም። የልጅቷ ዓይን መክደን ጀመረ። ያኔ እኔ አፌ ላይ የመጣውን ማውራት ያዝኩ።

«የኔ ማር፣ እናትሽና እኔ ብስክሌት እንዴት እንደተማርን ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«ኖ» አለች በቀጭን ድምፅ።

የልጅቷ አያት፣ የጓደኛዬ አባት፣ ሰፈራችን ውስጥ ብስክሌት ያከራዩ ነበር። ልጅ ሳለን አንድ ቅዳሜ ፍሬን የሌለውን ትልቁን ብስክሌት ሳያዩን ወስደን፣ እኔ ነጂ፣ እናቷ ከኋላ ተፈናጣ፣ ቁልቁለቱን ለቀቅነው። አያቷ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርገው «ያዙልኝ! ያዙልኝ!» እያሉ ይሮጣሉ። ሰው ሌባ መስሎት ያባርረናል። መጨረሻ ላይ ሥጋ ቤት ገባን። በር ላይ አይደለም፤ ውስጥ። ጥሬ ሥጋ የሚበሉት ሰዎች ቢላዋቸውን እንደያዙ ጠረጴዛ ላይ ወጡ።

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ዘን ዋት?»

«ከዚያማ አያትሽ ደረሱ። እንደሚገርፉን እርግጠኛ ነበርን። እሳቸው ግን ጉልበታችንን አገላብጠው አዩና፣ የተረፍን መሆናችንን ሲያውቁ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።»

«ግራንድፓ ስቲል ሃዝ ባይክስ?» ብላ፣ አያቷ አሁንም ብስክሌት እንዳላቸው ልትጠይቅ ወደ እናቷ ቀና አለች።

ጓደኛዬ ግን እኔን ነው ያየችኝ፤ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አባዬን ወሰዱት» አለች፤ ልጅቷ እንዳይገባት ቶሎ ቶሎ እያለች። «ዛሬ ሊነጋ ሲል እናቴ ኮል አደረገች። ፖሊሶች መጥተው ከቤት ይዘውት ሄዱ። የያዟቸውን የኤርትራ ተወላጆች ድንበር ያሻግሯቸዋል ይላሉ፤ የት እንዳደረ የሚያውቅ የለም። የስኳር መድኃኒቱን እንኳ አልያዘም።»

ጠዋት ያየሁት ያበጠ ዓይን ገባኝ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ብስክሌት ያስተማሩኝን፣ በየመንገዱ «ልጄ» የሚሉኝን ሰውዬ ነው የምትለኝ።

«ወንድምሽስ?» አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ወታደር ነው፤ የጦር መኪና ሾፌር። ስሙን በሷ ፊት ማንሣት ትቼ ነበር። ሕፃን እያለ እናቴ ሥራ ስትውል እሷ ነበረች በጀርባዋ የምታዝለው።

«ግንባር ነው። ከሄደ ወዲህ ወሬ የለም» አልኳት።

ከንፈሯን ነከሰች። ሁለታችንም ዝም ስንል መርከቧ ከማዕበል ወደ ማዕበል ትወድቃለች፣ ከላያችን የሰው እግር ይርመሰመሳል። ዝቅ ብዬ ሳይ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ተነሺ!» ጉንጯን መታሁት። እናቷ ትከሻዋን ነቀነቀቻት። አንገቷ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። «እማዬ፣ ስሚኝ! ስሚኝ!» ጓደኛዬ በአማርኛ ጀምራ በትግርኛ መጮህ ጀመረች። ሠራተኛዋ ሮጣ ደረሰች።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መስኮቱን በመዳፉ እየደበደበ «ለሕፃኗ አሳዩአት! እዚሁ ናቸው!» አለ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ልጅቷን ከወገቧ አንሥቼ ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት። እናቷ የታሰረውን ግንባሯን በመዳፏ ደገፈችልኝ።

በጨው በዥጎረጎረው መስታወት ማዶ፣ ከመርከቧ ጎን፣ አንድ ጥቁር ክንፍ ቀስ ብሎ ከውሃ ወጣ። ከሰው ቁመት ይረዝማል። ቀጥሎ ጀርባው መጣ፤ ቀጥሎ እንደ እንፋሎት ያለ ትንፋሽ «ፑፍ» ሲል በመስታወቱ ውስጥ ተሰማን። ካፒቴኑ አላቆመም፤ እኛ እየሮጥን ነው፣ እነሱም ከጎናችን ይሄዳሉ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

«ማሚ፣ ሉክ» አለች። ከዚያም ተቆጥታ «ሉክ!» ብላ ደገመችው፤ እናቷ ባሕሩን ሳይሆን እሷን ነበርና የምታየው።

ደሴቷ እስክንደርስ አልተኛችም። ክሊኒኩ ውስጥ ሰፏት፣ ደጋግመው ዓይኗን አዩ፣ ጭንቅላቷን ራጅ አነሷት፣ ከሰዓቱን ሙሉ አቆይተው ደህና ናት አሉን። መርከቧ ትታን ሄዳ ስለነበር በፌሪ፣ በማመላለሻው መርከብ፣ መኪናዬን ካቆምኩበት ራቅ ወዳለ ወደብ ተሻገርን፤ ሲያትል ኖርዝጌት ሰፈር ለሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ኮል ብናደርግለት መጥቶ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ ልጅቷ ብቻ ናት ያወራችው። እኛ ከኋላ ወንበር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደያዘ አላስታውስም።

ስለ ጦርነቱ ከዚያም በኋላ አልተስማማንም። አንድ ጊዜ ኩሽናዋ ውስጥ እስክንጯጯህ ተከራክረናል፤ በማግስቱ ግን በሯን አንኳኳሁ።

አባቷ ከሳምንታት በኋላ አሥመራ ከአንድ ዘመድ ቤት ደወሉ። ከስተዋል፣ ግን በሕይወት አሉ። ጓደኛዬ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ «ደወለ» አለችኝና የቤቴ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። የወንድሜ ወሬ የመጣው በጣም ዘግይቶ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ አንድ እግሩ አንካሳ ሆኖ ተመለሰ። ወሬ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሁሉ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጓደኛዬ በሯን ከፍታ ወጥታ፣ ደህና ነው እስክላት ኮሪደሩ ላይ ትቆም ነበር።